ልጄን አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባት ነው፤ ምን ልጠይቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው። የ8ኛ ክፍል ውጤት ወጥቷል። ልጆች ሻንጣ እየሸከፉ ነው። ወላጅ ደግሞ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ሚኒስትሪ ጥሩ ውጤት አምጥታ አዳሪ ትምህርት ቤት ደርሷታል። ከእኛ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አባቷም እኔም ደስ ብሎናል፤ ግን ሆዴ አልቻለም። አንዲት ጎረቤቴ ‹እዚያ እኮ መምህራኑም ዘበኞቹም…› ብላ ጀምራ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በሶዋን አዘጋጅቻለሁ፣ ብርድ ልብሷን ገዝቻለሁ። ራስሽን ጠብቂ ከማለት ሌላ ምን ልበላት? ላስቀራት ይሆን?»
አንዲት እናት፣ ከጎጃም

መልስ፦ እህቴ፣ አያስቀሯት። እኛ አዋቂዎቹ ሥራችንን ስላልሠራን እሷ ለፍታ ያገኘችውን ዕድል ማጣት የለባትም። ስጋትዎ ግን ከንቱ አይደለም። ጎረቤትዎ ጀምራ የተወችውን እኔ ልጨርሰው። በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ይደርሳል። የሚያደርሱትም አብዛኛውን ጊዜ አጥር ዘለው የሚገቡ እንግዶች አይደሉም። ልጆቹ የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው። መምህር፣ ፕሮክተር፣ ጥበቃ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ።

«ራስሽን ጠብቂ» የሚለውን ይተዉት። ሁላችንም እናቶች እንለዋለን፤ ከፍቅር ነው። ግን እስቲ ያስቡት። የ14 ዓመት ልጅ ማርክ ከሚሰጣት፣ የመውጫ ወረቀት ከሚፈርምላት፣ የማደሪያዋን ቁልፍ ከያዘ ሰው ራሷን በምን ትጠብቃለች? ከዚያም አንድ ነገር ሲደርስባት «እናቴ ጠብቂ ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልጠበቅሁት» ትላለች። ጥፋቱን የራሷ ታደርገዋለች። ለእርስዎ መንገር ኃጢአት እንደ መናዘዝ ይከብዳታል። እኔ በሴቶች ማደሪያ በፕሮክተርነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ችግራቸውን የነገሩኝ ልጆች ገና ሳይጀምሩ የሚያስምሉኝ «ለእናቴ እንዳይነገር» ብለው ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ይበሏት። «ማንም ይሁን ማን፣ መምህርም ቢሆን፣ የሃይማኖት አባትም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ ሰውነትሽን ቢነካካ ወይም እንድትነኪው ቢጠይቅሽ ጥፋቱ የሱ ነው። ደንግጠሽ ሳትጮሂ ብትቀሪም ጥፋቱ የሱ ነው። ስጦታ ተቀብለሽው ቢሆንም ጥፋቱ የሱ ነው። ንገሪኝ። አልቆጣሽም። ትምህርትሽንም አላስቋርጥሽም።» የመጨረሻዋን አደራ እንዳይረሱ። ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚይዙት «ብናገር ወደ ቤት ይመልሱኛል፣ ከዚያ ትምህርቱ አበቃ» ብለው ነው።

አሁን ጥበቃውን ከልጅቷ ትከሻ ላይ አውርደን ትምህርት ቤቱ ላይ እንጫን። የምዝገባው ቀን በር ላይ አድርሰዋት አይመለሱ። ይግቡ። ማደሪያውን አሳዩኝ ይበሉ። ወላጅ ነዎት፤ መብትዎ ነው።

መጀመሪያ ከማደሪያው እስከ ሽንት ቤቱ ይሂዱ። ስንት እርምጃ ነው? መንገዱ ላይ አምፖል አለ? ይሠራል? የሽንት ቤቱ በር ከውስጥ ይቀረቀራል? ከዚያ ወደ ዶርሙ ተመልሰው ጥግ ጥጉን ይዩ። ክዳን ያለው ባልዲ ተደብቆ ካገኙ ልጆቹ ሌሊት መውጣት ይፈራሉ ማለት ነው። ለምን እንደሚፈሩ አስተዳደሩን ሳይሆን ልጆቹን ይጠይቁ። እኔ አዲስ ማደሪያ ስገባ ከፋይልና ከደንብ መጽሐፍ በፊት የማየው ያንን ባልዲ ነበር። አንዳንዴ የተቃጠለ አምፖል ብቻ ነው ምክንያቱ። አንዳንዴ ግን መንገዱ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው አለ።

ቀጥሎ ስለ ትርፍ ቁልፍ ይጠይቁ። የእያንዳንዱ ዶርም ትርፍ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው? ማን ያወጣዋል? ሲወጣ ስምና ሰዓት የሚጻፍበት መዝገብ አለ? መዝገቡን አሳዩኝ ይበሉ። «ኧረ እኛ እንተማመናለን» ካሉዎት ያ መልስ አይደለም። የቧንቧ ሠራተኛ፣ የመብራት ሠራተኛ፣ አናጺ ወደ ሴቶች ማደሪያ ሲገባ ከሴት ፕሮክተር ጋር ነው ወይስ ብቻውን? ሌሊት የምታድረው ፕሮክተር ሴት ናት? ስትታመም የሚተካት ማን ነው? ማታ ስም የሚጠራው ማን ነው? አንዲት ልጅ ስሟ ሲጠራ ከሌለች በዚያው ሰዓት ምን ይደረጋል?

መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ፣ በሩ ላይ ከውጭ የሚቆለፍ ጋን ቁልፍ አሳይተው «ይኸው አስተማማኝ ነው» ቢሉዎት አይርኩ። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በኬንያ ማቻኮስ ኪያንጉሊ በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ዶርም ሌሊት ሲቃጠል 67 ወንዶች ልጆች ሞተዋል። አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር። መስኮቶቹም በብረት የታጠሩ ነበሩ። በር ከውስጥ ይዘጋ፤ ከውስጥም ይከፈት።

ወላጅ የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ለገናና ለፋሲካ ልጆች ወደየቤታቸው ሲሄዱ ከሩቅ የመጡት ይቀራሉ። አርባ ልጆች በሚያድሩበት አዳራሽ ሦስት አራት ልጆች። ፕሮክተሯም ለበዓል ሄዳለች። ወጥ ቤቱ ሥራ ቀንሷል። ግቢው ጭር ብሏል። እኔ በሥራ ዘመኔ ከምንም በላይ የምፈራው ያንን ሰሞን ነበር። የእርስዎ ልጅ ከሩቅ ስለሆነች ይህንን በደንብ ይጠይቁ። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከወዲሁ ይያዙላት። ካልሆነም በከተማው የሚያምኑት ቤተሰብ ይፈልጉላት።

ተማሪዎች ወደ መምህራን ቤት መላካቸውንም ያጣሩ። በብዙ ቦታ መምህራኑ እዚያው ግቢ ይኖራሉ። «ነይ ውኃ ቅጂልኝ፣ ነይ ልብስ አስጪልኝ» የተለመደ ነው። ታዛዥ ልጅ ደግሞ እምቢ አትልም፤ እኛ ነን እንደዚያ ያሳደግናት። በጽሑፍ የተከለከለ መሆኑን ይጠይቁ። ልጅዎንም «ወደ ማንም አዋቂ ቤት ብቻሽን አትሂጂ፤ እናቴ ከልክላኛለች በይ» ይበሏት። ምክንያቱን በእርስዎ ላይ ታሳብብ። ለልጅ እምቢ ከማለት «እናቴ ትቆጣኛለች» ማለት ይቀላታል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ በጉልበት አይጀመርም። አጥቂው የሞባይል ካርድ ይሞላላታል። ሞዴስ ይገዛላታል። «ጎበዝ ነሽ፣ ልዩ ነሽ» ይላታል። የፈተናው ጥያቄ ቀድሞ ይደርሳታል። ከጓደኞቿ ይለያታል። «ይህቺን ለማንም እንዳትነግሪ» የምትል ትንሽ ምስጢር ይጀምራል። ስለዚህ ሳሙናዋን፣ ሞዴሷን፣ የኪስ ገንዘቧን ጎደሎ አያድርጉባት። ጥቂትም ቢሆን በየወሩ በሰዓቱ ይድረሳት። ለሌላ ሰው ውለታ የምታስገባት ያቺ ትንሽ ጉድለት ናት።

የመጨረሻው ስለ ስልክ ነው። ብዙ ቦታ ሞባይል ክልክል ነው። ልጆቹ የሚደውሉት ከቢሮ ነው፣ ኃላፊው አጠገባቸው ተቀምጦ። እዚያ ተቀምጦ የሚያዳምጣት ሰው ራሱ ጥፋተኛው ከሆነስ? ስለዚህ ከወዲሁ በመካከላችሁ አንድ ነገር ተስማሙ። ለምሳሌ የሌለች አክስት ስም ይምረጡ። ልጅቷ «እሷስ እንዴት ናት?» ብላ ከጠየቀች፣ እርስዎ «ደህና ናት» ብለው ይዘጋሉ፤ በማግሥቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ከእርስዎ ሌላም ሁለት ሰው ይኑራት። አንዱ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ። ከነገረችዎት ደግሞ ፊትዎን ይጠብቁ። እሪ ብለው ደረት ከመቱ ልጅቷ እናቴን ገደልኳት ብላ ሁለተኛ አትናገርም።

ጥያቄ፦ «ወንድ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ መስማት የተሳነው ነው። መስማት ለተሳናቸው በተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ይማራል። ለገና መጥቶ አልመለስም አለ። አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል። ልብሱን ሲያወልቅ ማንም እንዲያየው አይፈልግም። እኔ የምልክት ቋንቋ ብዙም አልችል። እናቱ ናፍቆት ነው ትላለች። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። ደግሞ ወንድ ልጅ አይደለም እንዴ፣ ምን ሊሆን ይችላል እላለሁ።»
አንድ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ እስኪጣራ አይመልሱት። ድብደባም ሊሆን ይችላል፤ ሕመምም ሊሆን ይችላል፤ የጠረጠሩትም ሊሆን ይችላል። የትኛውም ቢሆን ሊታይ ይገባዋል።

ወንዶች ልጆች ይደፈራሉ። ስለማይወራ እንጂ ስለሌለ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 631 ይህንን ለይቶ አስቀምጦታል። አንድ ወንድ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ወንድ ልጅ ላይ ይህን ድርጊት ከፈጸመ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ልጁ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው።

አካል ጉዳተኛ ልጆች ይበልጥ ይጠቃሉ። አጥቂው የሚመርጠው መናገር የማይችል የሚመስለውን፣ ቢናገርም የማይሰማለትን ልጅ ነው። የእርስዎ ልጅ ቋንቋ አለው። ችግሩ ቤት ውስጥ ያንን ቋንቋ የሚያውቅለት ሰው አለመኖሩ ነው። ቋንቋውን የሚችሉት ሁሉ ያሉት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ጥቃቱ እዚያ ከሆነ ለማን ይናገር? ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ግን ዛሬውኑ መማር ይጀምሩ፤ እናቱም፣ እህት ወንድሞቹም።

ለአሁኑ አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል። ከዚያ ትምህርት ቤት የሚመጣ ሰው ግን አይሁን፤ የሚያምኑት መምህር ቢሆንም። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ይጠይቁ፤ በአካባቢዎ ያለ አስተርጓሚ ይጠቁሙዎታል። ከልጁ ጋር የሚነጋገረው ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ይሁን። አስተርጓሚው ያስተርጉም ብቻ።

እርስዎ ደግሞ አያፋጡት። «እገሌ ነው? እዚህ ጋ ነክቶሃል?» እያሉ ቃል አያጉርሱት። ልጅ አባቱን ለማስደሰት ብሎ ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል፤ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ እውነቱንም ያበላሽበታል። ወረቀትና እርሳስ ይስጡት። ግቢውን እንዲስል ይጠይቁት። ማደሪያው የት ነው፣ ምግብ አዳራሹ፣ ሻወሩ፣ መጫወቻው። ከዚያ የሚወደውን ቦታ በአንድ ቀለም፣ የማይወደውን በሌላ ይቀባ። ከዚህ በላይ አይሂዱ። ወረቀቱን ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡት። ለባለሙያዋ ይሰጧታል።

ሐኪም ቤትም ይውሰዱት። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በአዳማም ሆስፒታል፣ ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። በሌሎች ከተሞችም ተከፍተዋል። በአቅራቢያዎ ያለውን ትልቅ ሆስፒታል «ዋን ስቶፕ ሴንተር አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። በዚያ ስም ያውቁታል። ሐኪም ሰውነቱ ላይ ምልክት አላገኘሁም ካለ ምንም አልደረሰበትም ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ብዙ ጥቃት ምልክት አይተውም፤ ቀናት ካለፉ ደግሞ ቁስል ይሽራል።

ያደረገው ትልቅ ተማሪ ሆኖ ከተገኘ «የልጆች ጨዋታ ነው» የሚልዎትን አይስሙ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ ሕጉ የተለየ የእርምት እርምጃ አለው። ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ በወንጀል ይጠየቃል። ያ ልጅ ራሱ በሌላ ሰው የተጠቃ ሊሆን ይችላልና መርማሪዎቹ ከእሱ በላይ ያለውንም ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ «ጀማሪ መምህር ነኝ። በምሠራበት አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ነባር መምህር የ9ኛ ክፍል ሴቶችን ማታ ማታ ‹ቲቶሪያል› እያለ ቤቱ ይጠራል። አንዷ እያለቀሰች ስትወጣ አይቻለሁ። ለርዕሰ መምህሩ ስነግረው ‹ማስረጃ አለህ? የትምህርት ቤቱን ስም ታጠፋለህ› አለኝ። አምና ሌላ ልጅ ላይ የደረሰው በሽማግሌ ታይቶ፣ ለቤተሰቧ ገንዘብ ተከፍሎ አለቀ ይላሉ። ሥራዬን እፈራለሁ። ልጆቹን ደግሞ ማየት አቃተኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማስረጃ ማሰባሰብ ያንተ ሥራ አይደለም፤ የፖሊስ ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 11 ላይ ማንኛውም ሰው ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ ለፖሊስ ማመልከት እንደሚችል ተጽፏል። አንተ ደግሞ አይተሃል። ልጅ ከአዋቂ ቤት በምሽት እያለቀሰች ስትወጣ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ዛሬ ማታ ተቀምጠህ ጻፈው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት ቆመህ እንዳየህ፣ ምን እንዳየህ። የሰማኸውን «ሰማሁ»፣ ያየኸውን «አየሁ» ብለህ ለይ። ለርዕሰ መምህሩ የነገርክበትን ቀንና የሰጠህን መልስም ጻፍ። አንድ ቅጂ ከግቢው ውጭ አስቀምጥ። ከዚያ ወደ ፖሊስ ሂድ። ጣቢያው ውስጥ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ካለ እነሱን ጠይቅ። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ይወቀው፤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱም በጽሑፍ አስገባ፤ ሲቀበሉህ በቅጂው ላይ ያስፈርሙልህ። አንድ በር ቢዘጋ ሌላው እንዲያውቅ ነው። ብቻህን አትሂድ። በግቢው አንድ የምታምነው ሰው አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የምታውቅ ግን የፈራች አንዲት ሴት መምህር ወይም ወጥ ቤት ሠራተኛ አለች።

ልጅቷን ራስህ አትመርምራት። ወደ አንተ ከመጣች አዳምጣት፤ አመሰግንሻለሁ፣ አምንሻለሁ በላት። «ለማንም አልናገርም» ብለህ ግን ቃል አትግባላት፤ ቃልህን ማፍረስህ አይቀርምና። «ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ፤ ከማን ጋር እንደማወራም እነግርሻለሁ» በላት። ሰውዬውንም አትጋፈጠው። ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ስልኩን ያጸዳል፣ ልጆቹን ያስፈራራል።

ሽማግሌውን በሚመለከት አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለእነሱም ንገራቸው። ይህ ወንጀል በእርቅ የሚዘጋ አይደለም። የግል አቤቱታ የሚጠይቅ አይደለምና ቤተሰብ «ይቅር ብለናል» ቢልም ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። በድሮው ሕግ ደፋሪ ያጠቃትን ሴት ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን ሰርዞታል። የመምህሩ ቅጣትም ከሌላው ሰው የከበደ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆነችን ልጅ በጉልበት ሳይሆን «ፈቅዳለች» ተብሎም ግንኙነት የፈጸመ ሰው በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል። ልጅቷ ተማሪው ከሆነች ግን ከ5 እስከ 20 ዓመት ይሆናል። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 መነሻው 13 ዓመት፣ ጣሪያው 25 ዓመት ነው፤ ተማሪው ከሆነች መነሻው ወደ 15 ከፍ ይላል። ስለዚህ «ወዳው ነው» የሚለው ወሬ ለሕጉ ምንም አይደለም።

የትምህርት ቤቱን ስም በሚመለከት ኬንያ ውስጥ የሆነውን አስታውስ። በሜሩ ሴንት ኪዚቶ የሚባል የወንድና የሴት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ሌሊት ወንዶቹ ተማሪዎች በሴቶቹ ማደሪያ ላይ ዘመቱ። ሴቶቹ ለመዳን አንድ ዶርም ውስጥ ተጨናንቀው ነበር። 19 ልጆች ሞቱ፤ 71 ተደፈሩ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ በኋላ ምን አለች መሰለህ? ወንዶቹ ሊጎዷቸው አላሰቡም፤ ሊደፍሯቸው ብቻ ነበር። ይህን የምትለው ልጆቹን እንድትጠብቅ የተሾመች ሴት ናት! ነገሩ በአዋቂዎቹ ዘንድ የተለመደ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ያንተም ርዕሰ መምህር «አምና በሽማግሌ አለቀ» ሲባል የማይደነግጥ ከሆነ እዚያው መንገድ ላይ ነው ያለው።

ኬንያውያን ዘግይተውም ቢሆን አንድ ጥሩ ነገር ሠሩ። የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሰርኩላር ጥቃት መፈጸሙን ያወቀ ወይም በበቂ ምክንያት የጠረጠረ መምህር በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ግዴታ ጣለበት። ዝም ያለ በዲሲፕሊን ይቀጣል። እዚያ ቢሆን ኖሮ አንተ ግዴታህን ተወጥተሃል፤ የሚጠየቀው ርዕሰ መምህሩ ነው። የእኛም ትምህርት ቤቶች በውስጠ ደንባቸው ይህቺን አንዲት አንቀጽ ለመጨመር የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባቸውም። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ስብሰባ ላይ አንሣት።

ስለ ሥራህ መፍራትህ ልክ ነው፤ ሊያጉላሉህ ይችላሉ። ለዚህ ነው በጽሑፍ፣ በቀን፣ በፊርማ ያልኩህ። የተመዘገበ ጥቆማ ያቀረበን መምህር በማግሥቱ ማባረር በቃል ያማረረን ከማባረር ይከብዳል።

ጥያቄ፦ «10ኛ ክፍል ነኝ። ጥቅምት ላይ አንድ ሰው አንድ ነገር አደረገኝ። የትምህርት ቤታችን ሰው ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ብናገር ያምኑኛል? ጊዜው አላለፈም?»

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አድራሻ ስላላስቀመጥሽ እዚሁ ልመልስልሽ። እኔ አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በዚያን ሰዓት ዝም ማለትሽም፣ እስከ ዛሬ ዝም ማለትሽም ጥፋት አይደለም። ጊዜው አላለፈም። ለወራት ቆይቶ የተነገረ ነገርም ይመረመራል፣ ይከሰሳል።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂጂ። የኤችአይቪና የሌሎች በሽታዎች ምርመራ ያደርጉልሻል። የወር አበባሽ ቀርቶ ከሆነ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። በአስገድዶ መድፈር የመጣ እርግዝናን በሐኪም ማቋረጥ በአገራችን ሕግ ይፈቀዳል፤ ለማረጋገጫም ያንቺ ቃል ይበቃል፣ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ሊሉሽ አይገባም። ብቻሽን ግን ምንም መድኃኒት ወይም ቅጠል እንዳትወስጂ፣ አደራ።

ይህን የምታነቡ ሌሎች ልጆች ደግሞ፣ ነገሩ የተፈጸመው በዚህ ሳምንት ከሆነ ሰዓት አለው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው ፖስትፒል እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም በቶሎ ሲሆን ነው። ቢቀፍፋችሁም አትታጠቡ። የለበሳችሁትን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ያበሰብሰዋል።

ፍርድ ቤት የሚለው ቃል እንዳያስፈራሽ። ልደታ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት የተዘጋጀ ችሎት አለ። ልጅቷ በተለየ ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ትቀመጣለች። ዳኛው በካሜራ ያዩአታል። ተከሳሹ ፊት አትቆምም። በሌላ ከተማ ከሆንሽ ይህንኑ እንዲያደርጉልሽ ዐቃቤ ሕጉን ጠይቂ።

ማን ይስማኝ ላልሽው፣ አስቢና አንዲት ሴት ምረጪ። አክስትሽ፣ የጓደኛሽ እናት፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የሥርዓተ ጾታ ክበብ መምህርትሽ። የመጀመሪያዋ ፊቷን ካዞረችብሽ ያ የሷ ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛዋ ዘንድ ሂጂ። በአፍሽ መናገር ካቃተሽ ጽፈሽ ስጫት። አዲስ አበባ ከሆንሽና አሁን አደጋ ላይ ነኝ ካልሽ ፖሊስ 991 ነው። ካልሆነም ለእኔ እንደገና ጻፊልኝ። ስምሽን አልፈልግም፤ ያለሽበትን ከተማ ብቻ። የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀበልሽና ማንን እንደምትጠይቂ ደውዬ አጣርቼ በሚቀጥለው እትም እጽፍልሻለሁ።